ነጩን የሚያድነው፣ ነጩን የሚያደበዝዘው፦ የላይትሩም «ሃይላይትስ»

ጥምቀት ሲከበር ጃንሜዳ ላይ ፎቶ ማንሳት ማለዳው ካለፈ በኋላ ይከብዳል። ፀሐዩ ይበረታል፣ ልብሱ ነጭ ነው፣ ፊቱ ጠይም። ፎቶ አንሺው ፊት እንዲለይለት ብርሃን ሲጨምር የነጠላው ድርና ማግ ይጠፋና ልብሱ ያልተጻፈበት ወረቀት ይመስላል። የፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም አዶቤ ላይትሩም ለዚህ ያዘጋጀው መድኃኒት የደማቁን ክፍል ብርሃን የሚቀንሰው «ሃይላይትስ» የተባለው መቆጣጠሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአራተኛው ላይትሩም ጋር መጣ፤ የቀድሞውን «ሪከቨሪ» ተካ።

መሣሪያው የካሜራውን ጥሬ መረጃ በያዘ ሮው ፋይል ላይ በእርግጥ ያስደንቃል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው፣ ባለ 14 ቢት ሮው 16,384 አለው፤ ከዚያም ግማሹ የተያዘው በደማቁ ጫፍ ነው። በቀን ብርሃን ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሞላው፣ ማለትም ብርሃን በዝቶበት ዝርዝር መመዝገብ የሚያቆመው፣ አረንጓዴው ነው። ቀዩና ሰማያዊው ካልሞሉ ፕሮግራሙ ከእነሱ ተነስቶ የጎደለውን ይገምታል። ጠፍቷል ያሉት የጥለት ጠርዝ ብቅ የሚለው በዚህ ነው። ጄፔግ ላይ ግን ብዙ አይጠብቁ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው ቀላል ነው፦ መቆጣጠሪያውን እስከ -100 የሚጎትት ሰው ነጠላውን ግራጫ ያደርገዋል። ሸማ ነጭ ሆኖ ነው ሽመናው መታየት ያለበት። ስለዚህ «ዋይትስ» የተባለውን መቆጣጠሪያ መልሶ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ከ2021 ወዲህ በተሻሻለው ማስክ ልብሱን ብቻ ለይቶ መንካት ይሻላል።

ሁለተኛው ይከብዳል። ሦስቱም ቀለሞች የሞሉበት ቦታ ላይ የሚመለስ ነገር የለም። ሆኖም «ጄ»ን ሲጫኑ የሚመጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚያሳየው የተስተካከለውን ምስል እንጂ ካሜራው የመዘገበውን አይደለም። ብርሃኑን ዝቅ ሲያደርጉ ቀዩ ይጠፋል፤ ቦታው ግን አሁንም ባዶ ነው፣ ግራጫ ተቀብቶ። ባለሙያ ያልሆነ ሰው «ዳነ» ብሎ ያልፈዋል። በነፃ የሚገኘው ዳርክቴብል የተባለው ፕሮግራም በዚህ ላይትሩምን ይበልጠዋል፦ ሮው ፋይሉ ራሱ የት እንደሞላ ለይቶ የሚያሳይ ምልክት አለው። በአጠቃቀም ግን ጀማሪን ያደክማል፤ ያንን አልክድም።

የሠርግ ፎቶ ለሚሠራ ሰው ላይትሩምን አሁንም እመርጣለሁ፤ አንዱን ፎቶ አስተካክሎ ቅንብሩን ለሌሎቹ በአንዴ ማካፈል ትልቅ ዕረፍት ነው። «ሃይላይትስ»ን ግን ከዚያ ቅንብር ውስጥ ማውጣት ይገባል። ለፀሐዩ ፎቶ የተቀነሰው ብርሃን ድንኳን ውስጥ ለተነሳው ከተካፈለ የሙሽራዋ ቬሎ ያልታጠበ ይመስላል።