ሁሉም አረንጓዴ በሆነበት ቀን

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 ጠዋት አንድ የአማዞን ባለሙያ የክፍያ ማስሊያው ሲስተም ለምን እንደተንቀራፈፈ ይመረምር ነበር። ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማስወጣት ትእዛዝ ጻፈ። በአጻጻፉ ላይ ስህተት ስለነበረ ካሰበው በላይ ብዙ ሰርቨር ወጣ። ኤስ ስሪ የሚባለው የፋይል ማከማቻ አገልግሎት በሰሜን ቨርጂኒያ ለአራት ሰዓት ያህል ተቋረጠ፤ እሱን ተደግፈው የቆሙ ድረ ገጾችና መተግበሪያዎችም አብረውት ወደቁ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአማዞን የአገልግሎት ሁኔታ ማሳያ ገጽ አረንጓዴ እንደነበረ ቀጠለ። ገጹን የሚያድሱበት መሣሪያ ራሱ ኤስ ስሪን ይጠቀም ስለነበር ወደ ቀይ መለወጥ አልተቻለም። ኩባንያው ለሁለት ሰዓት ያህል ደንበኞቹን በትዊተር ጭምር ያነጋግር ነበር።

ሰሜን ቨርጂኒያ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ አገር አይደለም። ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ነው፤ ብዙ የአገር ልጆች ይኖሩበታል። አሽበርን አካባቢ የሚታዩት መስኮት አልባ ግዙፍ ሕንጻዎች፣ ጀነሬተርና ማቀዝቀዣ የተደረደረባቸው፣ የዓለም ክላውድ ትልቁ መኖሪያ ናቸው። አማዞን ኬፕታውን ላይ የራሱን ማዕከል የከፈተው በ2020 ነው፤ ያም ሆኖ ብዙ ሥራ ዛሬም በቨርጂኒያ በኩል ያልፋል።

ኔትወርክና ሰርቨር በመቆጣጠር እንጀራውን የሚበላ ሰው ከዚህ ታሪክ የሚይዘው የትእዛዙን ስህተት አይደለም፤ እጅ ሁልጊዜ ይስታል። ቁም ነገሩ ጠባቂው በሚጠብቀው ነገር ላይ መቆሙ ነው።

ፌስቡክም ከአራት ዓመት በኋላ፣ በኦክቶበር 4 ቀን 2021፣ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ለተለመደ ጥገና የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን ዳታ ሴንተሮች እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዋና መስመር በሙሉ በጠሰው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንዳያልፍ የሚከላከል ፕሮግራም ነበር፤ ግን እሱም የራሱ እንከን ስለነበረበት አሳለፈው። የድረ ገጽ ስም ሲጠየቁ አድራሻውን የሚመልሱት ሰርቨሮች ከዳታ ሴንተሮቹ ጋር መገናኘት ሲያቅታቸው፣ በተሠሩበት ደንብ መሠረት፣ «እኛ ጋ አትምጡ» ብለው መንገዳቸውን ከኢንተርኔት ካርታ ላይ አነሱ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። የውስጥ መሣሪያዎች ሠራተኞቹ እጅ ላይ ሞቱ፤ ለክፉ ቀን የተዘጋጀው ተለዋጭ መግቢያም አልሠራም። ስለዚህ መሐንዲሶች በአካል ወደ ዳታ ሴንተሮቹ ተላኩ። ሕንጻዎቹ ደግሞ ሰው በቀላሉ እንዳይገባባቸው ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ፣ ገብተው መሣሪያው ላይ እጅ እስኪያሳርፉ ጊዜ ወሰደ።

ከሁለቱም ይልቅ የፕሮግራመሮች ኮድ ማከማቻ የሆነው የጊትላብ ታሪክ ይብሳል፤ ምክንያቱም የብልሽቱ ሥር ዝምታ ነበር። በጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ የመጠባበቂያውን ዳታቤዝ ያጠፋ መስሎት የዋናውን አጠፋ። ወደ 300 ጊጋባይት ከነበረው የቀረው 4.5 ያህል ብቻ ነው። ባካፕ ፍለጋ ሲገባ ግን ከተዘረጉት አምስት ዘዴዎች አንዱም እንደሚገባው እየሠራ አልነበረም። በየቀኑ የሚወሰደው ባካፕ በሶፍትዌር ሥሪት አለመመጣጠን ምክንያት ሳይወሰድ ቆይቷል። ሲከሽፍ ኢሜይል መላክ ነበረበት፤ ልኳልም። ሆኖም ኢሜይሎቹ የማረጋገጫ ፊርማ ስላልነበራቸው ተቀባዩ ሰርቨር መለሳቸው። ቡድኑን ያተረፈው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነበር። ጊትላብ ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ማሳተሙ፣ እድሳቱንም በቀጥታ በዩቲዩብ ማሳየቱ ሊመሰገን ይገባል። የዚህ ሙያ ምርጥ የመማሪያ ጽሑፎች እንዲህ ያሉት ኑዛዜዎች ናቸው።

ሌሊት ፊሽካ እየነፋ ሰፈር የሚዞር ዘበኛ ፊሽካውን የሚነፋው ሌባ ስላየ ብቻ አይደለም፤ ንቁ መሆኑንም ይናገርበታል። ጥሩ የቁጥጥር ሲስተምም እንደዚሁ ነው። ባካፑ ሲከሽፍ «ከሸፈ» እንዲል መጠበቅ አይበቃም፤ ሲሳካ «ተሳካ» ይበል፤ ያ ቃል በሰዓቱ ካልደረሰ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሌላ ማሽን ይጩህ። የማስጠንቀቂያ መልእክት (አለርት) የሚልከው ሰርቨርም ራሱ ከውጭ በሆነ ነገር ሊጠበቅ ይገባል።

ሁሉም ማሽን ደህና ሆኖ ሥራው የተበላሸበት ቀንም አለ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ መንቀሳቀሱን፣ ችግሩም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳውቋል። እንዲህ ያለ ብልሽት የሰርቨር ሙቀትና የፕሮሰሰር ጭነት በማየት አይያዝም። ኤቲኤሙ ካርድ ይቀበላል፣ ብር ይቆጥራል፣ በፍጥነት ይመልሳል። የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት መጽሐፍ አራት ነገር ለኩ ይላሉ፦ የምላሽ ጊዜ፣ የጥያቄ ብዛት፣ የስህተት መጠንና የአቅም መሙላት። አራቱም ጠቃሚ ናቸው፤ ለባንክ ግን አምስተኛ ያስፈልጋል፤ የወጣው ገንዘብና የተቀነሰው ሒሳብ በየደቂቃው ይመጣጠን እንደሆነ የሚጠይቅ። ይህን መለኪያ ኔትወርክ ክፍሉ ብቻውን አያውቀውም፤ ከሒሳብ ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብሎ መጠየቅ አለበት።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ባለሙያ የሚጨምረው የራሱ ዝርዝር አለው። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሁለት ኦፕሬተር መስመር መግዛት ይቻላል፤ ሆኖም ሁለት ውል ሁልጊዜ ሁለት መንገድ አይደለም። ሁለቱም ፋይበር ወደ ሕንጻው በአንድ ቱቦ ከገቡ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ይቆርጣቸዋል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ እንዳለው፣ ከሁሉ በላይ የሰርቨር ክፍሉ ኤሲ ከጀነሬተሩ ጋር መገናኘቱ መለካት አለበት። ሰርቨር በመብራት መጥፋት ብቻ አይሞትም፤ ኤሲው ቆሞ እሱ ሲሠራም በሙቀት ይሞታል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ በኢሜይል የሚላክ አለርት ደግሞ ከንቱ ነው። ሲም ካርድ የገባባት ትንሽ ሞደም፣ በሌላ ኦፕሬተር መስመር ኤስኤምኤስ የምትልክ፣ ከብዙ ውድ ሶፍትዌር ትበልጣለች።

አለርት ሲበዛም ሌላ ዓይነት ዝምታ ይፈጠራል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ «ዲስኩ 80 በመቶ ሞልቷል» እያለ ሲቀሰቅሰው የሰነበተ ሰው በእውነተኛው ጩኸት ቀን ስልኩን ገልብጦ ይተኛል። እስከ ጠዋት ሊቆይ የሚችል ነገር ሰው መቀስቀስ የለበትም። ከእንቅልፍ ያስነሳ አለርት ሁሉ ተነሺው የሚሠራው ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ይሰረዝ።

ሻጮች የሚምሉበት 99.9 በመቶ አገልግሎት በዓመት 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ይፈቅዳል። ያ ሰዓት በደመወዝ ቀን ይድረስ ወይም በእሑድ ሌሊት፣ ቁጥሩ አይለይም።

ኔትወርክ የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኃላፊያችሁን አስፈቅዳችሁ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ዋናውን መስመር ከራውተሩ ንቀሉት። የማን ስልክ ቀድሞ እንደሚጮህ ተመልከቱ። ቀድሞ የሚደውልላችሁ ደንበኛ ከሆነ፣ ሌላ ዳሽቦርድ ከመግዛታችሁ በፊት አለርታችሁን አስተካክሉ።