የታነቀ መስታወት

ያገለገለ ቴሌስኮፕ ሊገዛ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገውን ሳይ ደሜ ይፈላል። ቱቦውን በሁለት እጁ ይዞ ይወዘውዘዋል፤ ከውስጥ ምንም ሲንኳኳ ስለማይሰማ «ጥብቅ ያለ ነው፣ ጥሩ ሥራ ነው» ይላል። ቀጥሎ በቱቦው አፍ አጮልቆ ትልቁ መስታወት ሲያብረቀርቅ ያይና ይደነቃል። ሻጩም «ትናንት ነው በጨርቅ የወለወልኩት» ብሎ ይጨምርለታል። በእኔ ሚዛን ያ ቴሌስኮፕ ገና ሳይፈተን ሁለት ጊዜ ወድቋል።

የኒውተን ዓይነት ቴሌስኮፕ መስታወቶች እንዴት መስመር እንደሚይዙ እዚህ አልዘረዝርም። ትንሹ መስታወት ከፎከሰሩ (የማያ ሌንሱ ከሚሰካበት ቱቦ) ትይዩ መሃል ይገባል፣ ከዚያ የትልቁ ብሎኖች እየላሉና እየጠበቁ የመሃል ምልክቱ ቦታው ላይ ይመጣል፤ አብሮት የሚሸጠው መመሪያ ላይ አለ። ሁለት ነገር ብቻ ልበል። በሌዘር አስተካክያለሁ የሚል ሁሉ አስተካክሏል ማለት አይደለም፤ ሌዘሩን ፎከሰሩ ውስጥ እንዳለ ስታዞሩት ነጥቡ መስታወቱ ላይ ክብ ከሠራ፣ ጠማማው ራሱ ሌዘሩ ነው። ሌላው፣ አጭር ቴሌስኮፕ ይቅርታ አያውቅም። የትኩረት ርቀቱ የመስታወቱን ስፋት 8 እጥፍ ሲሆን ምስሉ ጥርት የሚልበት የመሃል ክልል 11 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 5 እጥፍ ሲሆን ግን ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ባለ 5 እጥፉ ከቦታ ቦታ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይፈተሻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ትልቁ መስታወት ከበስተኋላው መቀመጫው ላይ ያርፋል፤ ከፊት በኩል ደግሞ ጠርዙ ላይ ሦስት ትንንሽ መያዣዎች አሉት። የመያዣዎቹ ሥራ ቱቦው ቢዘቀዘቅ መስታወቱ እንዳይወድቅ መከልከል ብቻ ነው። መጫን ሥራቸው አይደለም። ካቻቪቴ የያዘ ጀማሪ ግን ብሎን አይቶ እስከ መጨረሻው ካላጠበቀ እንቅልፍ አይወስደውም። መስታወቱም ይታነቃል።

«ወፍራም ብርጭቆ በብሎን ይጣመማል?» የሚለኝ አላጣሁም። ይጣመማል። የአረንጓዴ ብርሃን የሞገድ ርዝመት 550 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ደህና የሚባል ቴሌስኮፕ ከዚህ ሩብ የበለጠ ስህተት ብርሃኑ ላይ እንዳይጨምር ይጠበቃል። ብርሃን መስታወቱን ነክቶ ሲመለስ የገጹ ስህተት እጥፍ ስለሚሆን፣ ለመስታወቱ የሚፈቀድለት 70 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉር ውፍረት አንድ ሺህኛው ገደማ ማለት ነው። ይህን ለማበላሸት ጉልበት አያስፈልግም።

ክፋቱ ቀን ላይ አለመታወቁ ነው። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ የሚኮማተረው ከፓይሬክስ ብርጭቆ ሰባት እጥፍ ያህል ነው። እኩለ ቀን ላይ መስታወቱን ከጎኑ ለስለስ ብሎ የነካ የአሉሚኒየም መቀመጫ፣ በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ብርዱ ሲጠና አጥብቆ ያንቀዋል። ስለዚህ ቴሌስኮፕ በቀን አይገዛም። ሌሊት አላሳይም ከሚል ሻጭ ጋር ዋጋ መነጋገር ጊዜ ማባከን ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ቴሌስኮፑ ደጅ ወጥቶ አንድ ሰዓት ያህል ይቀዝቅዝ። ከዚያ በከፍተኛ ማጉያ አንድ ደማቅ ኮከብ መሃል ላይ አምጡና ትኩረቱን ትንሽ አዛቡት፤ ቀለበቶቹ ክብ ሆነው መታየት አለባቸው። ሦስት ማዕዘን ካያችሁ መስታወቱ ሳይታነቅ አይቀርም። በሰሜን አገሮች የተጻፉ መመሪያዎች የሰሜን ኮከብን ተጠቀሙ ይላሉ፤ እኛ ዘንድ ግን እሱ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል አቧራና ጭስ ውስጥ ይርገበገባል፣ ለፈተና አይሆንም። በመስከረም ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ አልታየር፣ በጥር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ቤትልጁስ አናታችን ላይ ናቸው። አናት ላይ ሲሆን መስታወቱ ሙሉ ክብደቱን መቀመጫው ላይ ስለሚጥል፣ ያኔም ሦስት ማዕዘኑ ካልጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠሩት መያዣዎቹ ናቸው። እርግጠኛ ለመሆን መስታወቱን መቀመጫው ላይ 60 ዲግሪ አዙሩት፤ ማዕዘኖቹ ከመስታወቱ ጋር ከዞሩ ጉድለቱ የብርጭቆው ነው፣ ባሉበት ከቀሩ የአያያዙ ነው።

ይህን ሦስት ማዕዘን አይተው «ኮከቡ ጨረር አወጣ፣ እንዴት ያምራል!» ሲሉ የሰማኋቸው ተማሪዎች አሉ። የትንሹ መስታወት ማንጠልጠያ የሚፈጥራቸው አራት ቀጫጭን ጨረሮች ሌላ ናቸው፤ እነሱ ጉዳት የላቸውም። ቅርጹ የተዛባ ኮከብ ግን ብልሽት ነው፣ አይደነቅም።

መስታወት በእጃቸው የሞረዱ አንድ የፊዚክስ መምህር አውቅ ነበር፤ ጋሼ እንላቸው ነበር። ከሸሚዛቸው ኪስ የወፍራም ወረቀት ቁራጭ አይለይም። የማንንም ቴሌስኮፕ ሲያዩ ወረቀቱን በመያዣውና በብርጭቆው መካከል ያሳልፋሉ፤ ካላለፈ አንድ ቃል ሳይናገሩ ብሎኑን ያላሉታል። «ካቻቪቴ ለመፍታት ነው ልጄ፣ ለማጥበቅ ጣት ይበቃል» ይሉኝ ነበር። የእሳቸው ቱቦ ሲነሳ ከውስጡ ቀስ ያለች ኳ የምትል ድምፅ ነበረችው፤ ሳተርን ግን በዚያ ቱቦ ሲታይ የቀለበቱ ክፍተት በምላጭ የተሰነጠቀ ይመስል ነበር። የላላ መስታወት መስመሩን ይስታል ለሚሏቸው መልሳቸው አጭር ነበር፦ መስመር በየምሽቱ በሁለት ደቂቃ ይስተካከላል፣ የተጣመመ ገጽ ግን ታንቆ እስካለ ድረስ በየትኛውም የማስተካከያ ብሎን አይቃናም። በጆን ዶብሰን ስም የሚጠሩት ትልልቅ ቴሌስኮፖችም ብዙዎቹ መስታወታቸውን በጠርዙ ዙሪያ በመታጠቂያ ይደግፉታል እንጂ አይቆነጥጡትም።

ስለ ጽዳት ብዙ የምለው የለኝም። መስታወቱን የሸፈነው አሉሚኒየም 100 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ነው ያለው፤ ደረቅ ጨርቅ አቧራውን እየጎተተ ይቧጭረዋል። ጥቂት አቧራ ምስል አያበላሽም፣ ተዉት። የግድ ከሆነ በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፣ እርጥብ ጥጥ ሳይጫኑት በራሱ ክብደት ይሳብ፣ በመጨረሻ በተጣራ ውኃ ተለቅልቆ በጎኑ ቆሞ ይድረቅ። ጤዛ የነካው ቴሌስኮፕ ሳይደርቅ አይከደንም፤ በክረምት ሌንሶች ላይ ሻጋታ የሚበቅለው ከነእርጥበታቸው ተከድነው ስለሚቀመጡ ነው። መስታወቱ ታጥቦ ሲመለስም ወረቀቱ በሦስቱም መያዣዎች ሥር ይለፍ።