የአጥንት መሳሳት መድኃኒቶች የጎንዮሽ ጉዳት በማን ሚዛን ይመዘን?

የአጥንት መሳሳትን ለማከም የሚሰጡ መድኃኒቶችን የጎንዮሽ ጉዳት አስመልክቶ በዓለም አቀፍ የሕክምና መጽሔቶች የሚወጡ ጽሑፎች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። በአንደኛው የሚዛን ሳህን ላይ መድኃኒቱ የሚከላከለውን ስብራት፣ በሌላኛው ላይ የሚያስከትለውን ጉዳት ያስቀምጡና ብልጫው ወዴት እንደሆነ በቁጥር ያሳያሉ። ዘዴው በራሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሚዛኑ የተሠራው የአጥንት እፍጋት መለኪያ በቅርብ በሚገኝበት፣ ታካሚዋ በቀጠሮዋ ቀን በምትመጣበት፣ መድኃኒቱም በማይቋረጥበት አካባቢ ነው። ይኸው ሚዛን በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ኤልያስን ወደ መሰለ ወረዳ ሲወርድ የጉዳቶቹ ቅደም ተከተል ይገለበጣል። ብዙ የተጻፈባቸው ብርቅ ጉዳቶች ይቀላሉ፤ በአንድ መስመር የሚታለፉት፣ ወይም ጨርሶ የማይጻፉት ግን ይከብዳሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ከታወቁት ጥናቶች በመነሣት መመርመር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የአሌንድሮኔት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ሲሆን፣ ቀደም ሲል የአከርካሪ አጥንት ስብራት የነበረባቸውን 2027 ሴቶች ለሦስት ዓመታት ያህል ተከታትሏል። የዳሌ ስብራት መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከወሰዱት በ2.2 በመቶው፣ አሌንድሮኔት ከወሰዱት ደግሞ በ1.1 በመቶው ላይ ደርሷል። «የዳሌ ስብራትን በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተወለደው ከዚህ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ሆኖም ያው ውጤት በሌላ አነጋገር ሲገለጽ፣ አንዲት ሴትን ከዳሌ ስብራት ለማዳን ወደ 90 የሚጠጉ ሴቶች ለሦስት ዓመት ክኒኑን መዋጥ አለባቸው ማለት ነው። የሕመም ምልክት ያሳየ የአከርካሪ ስብራት ከ5.0 ወደ 2.3 በመቶ ወርዷል፤ ይህ የተሻለ ትርፍ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣው ተከታይ ጥናት፣ የአከርካሪ ስብራት ያልነበረባቸው 4432 ሴቶች ሲታዩ ግን በጠቅላላው የሕመም ምልክት ያላቸው ስብራቶች ላይ የተገኘው ቅናሽ አስተማማኝ አልነበረም። ትርፉ ጎልቶ የታየው አጥንታቸው በእጅጉ በሳሳው ላይ ብቻ ነው። የስብራት ታሪክ ለሌላት፣ አጥንቷም ላልተለካ ሴት ክኒኑን ማዘዝ ከእነዚህ ጥናቶች ድጋፍ አያገኝም።

በጎንዮሽ ጉዳት በኩል የ1996ቱ ጥናት በላይኛው የምግብ መውረጃ ክፍል ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት እንዳልታየ ዘግቧል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማን እንዳልተመዘገበ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቅርቡ የጨጓራ ቁስለት ያስቸገራቸውና ለጨጓራ ሕመም በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶች ከጥናቱ ውጭ ተደርገዋል። በእኛ ተመላላሽ ክፍሎች ግን «ጨጓራዬን ያመኛል» የማትል አዛውንት ማግኘት ቀላል አይደለም። ጥናቱ ስለ ደኅንነት የመሰከረው የእኛን ታካሚዎች ከበር መልሶ ለቀሩት ነው። መድኃኒቱ ገበያ ላይ ከዋለ ብዙም ሳይቆይ፣ በዚያው በ1996፣ ከባድ የምግብ ቧንቧ ቁስለት የያዛቸው ሰዎች ሪፖርት ታተመ። በወቅቱ በዓለም ላይ መድኃኒቱ ታዝዞላቸዋል ተብለው ከተገመቱት 475,000 ሰዎች መካከል 199ኙ የምግብ ቧንቧ ችግር እንደደረሰባቸው ተዘግቦ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ጉዳት ከደረሰባቸው ብዙዎቹ ግን ክኒኑን በጥቂት ውኃ የዋጡ ወይም ከዋጡ በኋላ የተኙ ነበሩ። ስለዚህ ጉዳቱ ከመድኃኒቱ ባሕርይ ባልተናነሰ ከአወሳሰዱ ይመነጫል፤ አወሳሰዱ ደግሞ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ተውጦ፣ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይተኙና ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ከቡና ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን በ60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በቅኔ ትምህርቷ በታወቀችው በደብረ ኤልያስ የምትኖር አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህልም ውኃም አትቀምስም። «በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ዋጪ» ብሎ የጻፈ ሐኪም ከሁለት አንዱን አዟል ማለት ነው፤ ወይ ክኒኑ ሙሉውን ጾም ይቋረጣል፣ ወይም እናታችን ጾሙን ላለመሻር በምራቅ ወይም በጠብታ ውኃ ትውጠዋለች። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። የ70 ሚሊ ግራሙ ሳምንታዊ ክኒን መልካምነቱ ቀን ለመምረጥ መፍቀዱ ነው። ከቅዳም ሥዑር በቀር ቅዳሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይጾም ስለሆነ፣ ታካሚዋ ካልቆረበች የቅዳሜ ጠዋት ዓመቱን ሙሉ ሊያገለግል ይችላል። ይህን በማዘዣው ላይ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ እስካሁን ያነበብኋቸው መመሪያዎች ግን ስለ ብርጭቆው መጠን ሲያትቱ ስለ ጾም አንዲት ቃል የላቸውም።

በአንጻሩ የአንባቢን ቀልብ የሳቡት ሁለት ብርቅ ጉዳቶች ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2003 መዘገብ የጀመረው የመንጋጋ አጥንት መሞት ነው። ለካንሰር ከፍ ባለ መጠን በደም ሥር ለሚሰጣቸው ሕመምተኞች ይህ እውነተኛ ሥጋት ነው። ለአጥንት መሳሳት ክኒን ለሚወስዱት ግን ከ10,000 እስከ 100,000 ከሚደርሱ ሰዎች በአንዱ ላይ በዓመት የሚደርስ ነው። ሁለተኛው ያለ ከባድ አደጋ የሚከሰት ያልተለመደ የጭን አጥንት ስብራት ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2010 ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል። በዚህ ላይ እጅግ ጠቃሚው ሥራ በ2020 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት ነው። 196,129 ሴቶችን ተከታትሎ 277 ያልተለመዱ ስብራቶችን አግኝቷል። 10,000 ነጭ ሴቶች ለሦስት ዓመት ቢታከሙ 149 የዳሌ ስብራቶች ይድናሉ፣ 2 ያልተለመዱ ስብራቶች ይደርሳሉ። ለእስያ ዝርያ ሴቶች ግን የሚድኑት 91፣ የሚጎዱት 8 ናቸው።

የዚህ ጥናት ትልቁ ትምህርት፣ በእኔ እይታ፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት የሚገኝ ነው። በአንድ የጤና ተቋም፣ በአንድ ዓይነት መድኃኒት የታከሙ ሴቶች ሚዛን በዝርያ ብቻ ይህን ያህል ከተለወጠ፣ የነጭ ሴቶችን ስሌት ገልብጦ ለጎጃም ሴት መስጠት ከሳይንስ አይቆጠርም። ይህም ሆኖ ሥጋቱ በጊዜ የሚታጠር ነው። ያልተለመደው ስብራት የሚበዛው መድኃኒቱ ለብዙ ዓመታት ሲወሰድ ሲሆን፣ ሲቋረጥም ሥጋቱ በፍጥነት ይቀንሳል። በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ክኒኑን ያቆሙት አሥር ዓመት ከቀጠሉት ጋር ሲነጻጸሩ ከአከርካሪ ውጭ ባሉ ስብራቶች ልዩነት እንዳልነበራቸው አሳይቷል። ምልክት ያሳየ የአከርካሪ ስብራት ግን ባቆሙት 5.3፣ በቀጠሉት 2.4 በመቶ ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ የጾምንም የጨጓራንም ችግር ያስወግዳል። በ2007 በታተመው ጥናት የአከርካሪ ስብራትን ከ10.9 ወደ 3.3፣ የዳሌውን ከ2.5 ወደ 1.4 በመቶ አውርዷል። ያኔ ብዙ ያነጋገረው በ1.3 በመቶው ላይ የታየው ከባድ የልብ ምት መዛባት ነበር፤ በንጽጽሩ ቡድን 0.5 በመቶ ነው። በወረዳ ደረጃ ላለ ባለሙያ የሚበልጠው ግን በሠንጠረዡ ውስጥ ተራ ሆኖ የቀረው ቁጥር ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ከሦስት ሴቶች አንዷን ያህል ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ይይዛታል። ደብረ ማርቆስ መርፌውን ወስዳ ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ ወዳለ ቤቷ የተመለሰች ሴት በማግስቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ምን ተብላ እንደምትታከም ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። የወባ ወይም የታይፎይድ መድኃኒት ይሰጣታል፤ ወይም በተቃራኒው እውነተኛ ወባ «የመርፌው ነው» ተብሎ ይታለፋል። መርፌው የተሰጠበት ቀን በእጇ ባለ ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ሁለቱን ለመለየት የሚረዳ መነሻ አይኖርም። ከመርፌው በፊት የኩላሊት ምርመራ ግዴታ ነው፤ የክሪያቲኒን ማጣሪያቸው ከ35 ሚሊ ሊትር በደቂቃ በታች ለሆነ አይሰጥም። የቫይታሚን ዲ እጥረት ላለባትም የደም ካልሲየምን በድንገት ሊያወርድ ይችላል። «በፀሐይ አገር ቫይታሚን ዲ አይጎድልም» የሚለው እምነት አያዋጣም፤ በ2015 የወጣ በአዳማና በአካባቢዋ ገጠር የተደረገ ጥናት ከተማሪዎቹ 42 በመቶው እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል።

የበለጠ ጥንቃቄ የሚሻው ዴኖሱማብ ነው። በየስድስት ወሩ ከቆዳ በታች የሚሰጥ መርፌ ሲሆን፣ በ2009 በታተመው የ7,868 ሴቶች ጥናት የአከርካሪ ስብራትን ከ7.2 ወደ 2.3 በመቶ ቀንሷል። በጥናቱ ወቅት የታየው የጎንዮሽ ጉዳት አነስተኛ ነበር፤ ዋነኛው ጉዳቱ የሚመጣው ሲቆም ነውና። ቢስፎስፎኔቶች በአጥንት ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆዩ አንድ መርፌ ቢዘገይ ብዙ ጉዳት የለውም። ዴኖሱማብ ግን ከታሰበበት ቀን ጥቂት ወራት ካለፈ አጥንቱ በፍጥነት ይሟሟል፤ በአንዲት ሴት ላይ በአንድ ጊዜ ብዙ አከርካሪዎች ሲሰበሩም ታይቷል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተስፋፋው ግጭት መንገድን በተደጋጋሚ ሲዘጋ፣ ከብቸናም ሆነ ከሞጣ ለሚነሣ ሰው «በስድስተኛው ወር ተመለሽ» ማለት ምን ያህል አስተማማኝ ቀጠሮ እንደሆነ ባልደረቦቼ ያውቁታል። ልጅ ከውጭ አገር አንዱን መርፌ ይዞ ቢመጣ፣ ሁለተኛው እንደሚመጣ ሳይረጋገጥ መውጋት ስጦታውን ወደ ጉዳት መለወጥ ነው። የአቅርቦት መቋረጥ በጎንዮሽ ጉዳት ዝርዝር ውስጥ አይጻፍም፤ ለዴኖሱማብ ግን ሊጻፍ ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደውን ወደ መጨረሻ ያቆየሁት በጥናቶቹ ውስጥ ስለማይገኝ ነው። ወደ ጥናቱ የገቡት ሴቶች የአጥንት መሳሳት እንዳለባቸው አስቀድሞ ተረጋግጧል። በእኛ ዘንድ ጀርባዋ የጎበጠ፣ በራጅ የተጨፈለቀ አከርካሪ የታየባት ሴት ቲቢ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ማልቲፕል ማየሎማ ወይም ከሌላ አካል የተዛመተ ካንሰር ሊኖርባት ይችላል። ለእንዲህ ያለችው ሴት የሚሰጥ አሌንድሮኔት በጉሮሮዋ ላይ ምንም ቁስል ባያደርስ እንኳ ቲቢው አከርካሪዋን አልፎ ሕብለ ሰረሰሯን እስኪጫን ድረስ ወራትን ይሰርቃታል። እግሯ ከሰለለ በኋላ የሚገኘው ትክክለኛ ምርመራ ብዙ አይፈይድም። የአጥንት እፍጋት መለኪያ በሌለበት ቦታ ጥሩ ራጅና በጥንቃቄ የተወሰደ የሕመም ታሪክ ያላቸው ዋጋ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጎረቤት አከርካሪዎች ተበልተው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጠበበ ቲቢ ይጠረጠራል፤ በአጥንት መሳሳት ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የአከርካሪው እግር ከጠፋ ካንሰር፣ የደም ማነስና ከፍ ያለ ኢ.ኤስ.አር. ከተገኘ ማየሎማ መታሰብ አለበት። የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲያርፉ የማይሻል ሕመም ካለ ማዘዣው ይቆይ።

እግረ መንገዳችንን፣ አጥንትን የሚያሳሱ መድኃኒቶችን እኛው እያዘዝን እንደሆነ ማስታወስ ይገባል። ለአስምና ለሥጋ ደዌ ሪአክሽን የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን፣ ለሚጥል በሽታ ለዓመታት የሚወሰደው ፌኖባርቢታል ከእነዚሁ ናቸው። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 23 በመቶ የሚሆኑ ባለትዳር ሴቶች የወሊድ መከላከያ መርፌ ይጠቀሙ ነበር። የአሜሪካው አስተዳደር በ2004 ዴፖ ፕሮቬራ አጥንትን እንደሚያሳሳ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 ከ18 እስከ 45 ዓመት ላሉ ሴቶች ገደብ እንደማያስፈልግ ወሰነ። ያልታቀደ እርግዝና የሚያስከትለው ሞት፣ መርፌው ሲቆም አብዛኛውን ከሚያገግም አጥንት ጋር ተመዝኖ ነው። ለአንድ መድኃኒት የአገልግሎቱን ቦታ ያካተተ ሚዛን መሥራት ከተቻለ ለአሌንድሮኔት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

እስከዚያው ድረስ፣ መውደቅ ብቻ አጥንቷን ለሰበራት፣ ሌላ በሽታ እንደሌለባት ለተረጋገጠ እናት ጨጓራዋ ከፈቀደ ርካሹ ሳምንታዊ አሌንድሮኔት፣ ካልፈቀደና ኩላሊቷ ደኅና ከሆነ ዞሌድሮኒክ አሲድ ከዴኖሱማብ ይቀድማሉ። በካርዷ ላይ ከመድኃኒቱ ስም ቀጥሎ የተጀመረበት ወርና ዓመተ ምሕረት ይጻፍ። አምስት ዓመት ሲሞላ ካርዱን የሚያነበው ሌላ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ ማቆም ወይም መቀጠል የሚወስነውም ከዚያ ቀን ቆጥሮ ነው።