«ጠላት» ወይስ «ባዕድ»? በአንድ ቃል የተዛባ ሕግ

ጥንታዊ ሕግ ስንተረጉም ከምንሠራቸው ስሕተቶች አንዱ፣ ቃሉን በኋላ ባገኘው ትርጉም ማንበብ ነው። «ሆስቲስ» የሚለውን የላቲን ቃል እንውሰድ። መዝገበ ቃላት ብንገልጥ «ጠላት» ይለናል። ይህ ቃል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ በወጣው የሮማ የ12ቱ ሰሌዳዎች ሕግ ውስጥ፣ ስለ ንብረት በሚናገር አንድ አጭር ድንጋጌ ላይ ይገኛል፤ በሆስቲስ ላይ «አውክቶሪታስ» ዘላለማዊ ነው ይላል። «ጠላት» ካልነው ድንጋጌው የጦርነት ሕግ ይመስላል። ግን ጠላት ስለ ንብረት ሊከራከር ሮማ ፍርድ ቤት ምን ያመጣዋል?

መልሱን የሰጠን ኪኬሮ ነው፤ ሆስቲስ በጥንቶቹ ዘንድ «ፔሬግሪኑስ»፣ ማለትም ባዕድ፣ የሌላ አገር ሰው ማለት እንደነበር ጽፏል።

አውክቶሪታስስ? አንድ ሮማዊ ቢያንስ 5 ምስክሮችና ሚዛን ያዥ ባሉበት «ማንኪፓቲዮ» በሚባለው ሥርዓት ንብረት ሲሸጥ፣ ሌላ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ቢመጣ ለገዢው ቆሞ የመሟገት ግዴታ ነበረበት። መሬት ከሆነ 2 ዓመት፣ ሌላ ነገር ከሆነ 1 ዓመት ሲያልፍ ገዢው በይዞታው ባለቤት ስለሚሆን ግዴታው ያበቃል።

ስለዚህ ድንጋጌው ሁለት ንባብ አለው። አንደኛው፦ ባዕድ የሮማዊን ንብረት የቱንም ያህል ዘመን ቢይዝ ባለቤት አይሆንም። ሁለተኛው፦ ዘመን ባለቤት ስለማያደርገው፣ የሸጠለት ሰው ዋስትና አያልቅም። አንዱ ያገልላል፤ ሌላው ደግሞ የተገለለውን ሰው ከኪሳራ ይጠብቃል። ሊቃውንት እስካሁን ይከራከሩበታል። «ጠላት» ብሎ የተረጎመ ግን ሁለተኛውን ንባብ ገና ከመጀመሪያው ዘግቶታል፤ ለጠላት ማን ዋስ ይሆናል?

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን። የእኛው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 የውጭ አገር ሰው ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለሀብት እንዳይሆን ከለከለ። ቀጥሎ ግን በቅን ልቡና ባለሀብት ሆኖ የተገኘው ንብረቱን ለኢትዮጵያዊ እንዲያስተላልፍ ይታዘዛል እንጂ ዝም ብሎ ይነጠቅ አላለም። ባዕድን መከልከል አንድ ነገር ነው፤ እንደ ጠላት መዝረፍ ሌላ። ተርጓሚ ይህን ድንበር ካጠፋው፣ አንባቢው ያልተጻፈ ሕግ ይማራል።