የተቦረቦረው ዘንግ

ተራ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ፈታታችሁ ካያችሁ፣ ሲሊንደሩ የሚሽከረከርበት ቀጭን የብረት ዘንግ ታገኛላችሁ። ድፍን ነው። ሲሊንደሩን መሃል ለመሃል ይዞ ከማሽከርከር ሌላ ሥራ የለውም። የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም ዣን አሌክሳንደር ለማት ይህን ዘንግ አወፈረና ቦረቦረው። ዘንጉ ራሱ አፈሙዝ ሆነ። የፈጠራ መብቱንም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 1856 በአሜሪካ አስመዘገበ።

ሽጉጡ ሁለት ዓይነት ጥይት ይተኩሳል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ዘጠኝ ቀዳዳዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ባሩድና 10.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው የእርሳስ አረር ይጎርሳል። አረሩ የሚወጣው በላይኛው አፈሙዝ ነው፤ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ ወጥቶለታል። የመሃሉ አፈሙዝ ግን ልሙጥ ነው። ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እንደ ወፍ ማደኛ ጠመንጃ ጥቃቅን የእርሳስ ፍሬዎች ይታጨቁበታል።

ለምን ዘጠኝ? ስድስት ስኒዎችን በክብ አጠጋግታችሁ ደርድሩ። መሃል የሚተርፈው ቦታ ልክ አንዲት ስኒ ያህላል። ዘጠኝ አድርጓቸው፤ ክፍተቱ የስኒዋን ወርድ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። አሁን ጀበናዋም ቦታ አገኘች። የሽጉጡም ነገር ይኸው ነው። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል 2 ሚሊ ሜትር ብረት ይቅር ብለን ብናሰላ፣ ስድስት ቀዳዳዎች መሃል የሚተዉት ቦታ 15 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ዘጠኝ ሲሆኑ ግን 26 ሚሊ ሜትር ይተርፋል፤ አፈሙዙ ከነግድግዳው ይገባል፣ ለሲሊንደሩም የውስጥ ግድግዳ የሚሆን ብረት ይቀራል። ስለዚህ ዘጠኝ የሆነው ጥይት ለማብዛት ብቻ አይመስለኝም። ዘጠኙ መሃሉን ከፈቱለት።

እኔን ይበልጥ የሚይዘኝ ግን የመምቻው አፍንጫ ነው። ሁለት አፈሙዝ፣ አንድ ቃታ፣ አንድ መምቻ። ባሩዱን የሚለኩሰው ትንሽ የመዳብ ቆብ ነው፤ መምቻው ሲያርፍበት እሳት ይተፋል። የዘጠኙ ቀዳዳዎች ቆብ ከላይ ነው፤ የመሃሉ አፈሙዝ ቆብ ከዚያ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሌላ ሰው ቢሆን ሁለተኛ መምቻ ይጨምር ነበር። ለማት በመምቻው ጫፍ ላይ በአንድ ካስማ የምትታጠፍ ጥፍር የምታህል ብረት ሰካ። ቀና ስትል የሲሊንደሩን ቆብ ትመታለች። በአውራ ጣት ዝቅ ስትደረግ የመሃሉን ትመታለች። ሌላ የሚቀየር ነገር የለም። መምቻው በዚያው ጣት ወደ ኋላ ይሳባል፣ ቃታው እንደ ወትሮው ይሳባል።

የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ደንበኛው የደቡቡ ጦር ሆነ። ሥራው ወደ ፓሪስ፣ በኋላም ወደ በርሚንግሃም ሄደ። በጠቅላላ የተሠራው 2,900 ገደማ ነው። ከታጠቁት አንዱ የፈረሰኞቹ ጄኔራል ጄብ ስቱዋርት ነበር።

እንከኑም ከልኩ መጣ። የአረሩ ወርድ በኢንች መቶኛ ሲለካ፣ የደቡብ ወታደሮች ሽጉጥ በአብዛኛው ባለ 36 ወይም ባለ 44 ነበር፤ ይህኛው ባለ 42 ነው። አረር ያለቀበት ሰው ከጓዱ ቢዋስ አንዱ ይላላበታል፣ አንዱ አይገባለትም። ሁለት ዓይነት ጥይት የሚተኩስ ሽጉጥ ጦሩ በእጁ ያለውን ጥይት አይጎርስም ማለት ነው። በኋላ ጥቂት በአነስተኛ ልክ ተሠሩ።

ባዶውን 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ርዝመቱ 34 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ባሩዱና አረሩ ከፊት ስለሚገቡ፣ በአፈሙዙ ጎን አረሩን የሚጠቀጥቅ መጫኛ ዘንግ ተያይዞለታል። የመሃሉ አፈሙዝ ደግሞ የራሱ መጠቅጠቂያ ያስፈልገዋል። ፈረስ ላይ ያለ ሰው ይህን የት ይይዘዋል? በኋለኞቹ ሞዴሎች መጫኛው ዘንግ ውስጡ ክፍት ነው፤ ቀጭኑ መጠቅጠቂያ እዚያ ተሰክቶ ይቀመጣል። እዚህም ድፍን ዘንግ አልተረፈም።