በምን አነሳኸው?

የማኅበር ወግ የሚያውቅ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። እኔም 2016 ዓ.ም ሊያልቅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ፎቶግራፍ ከሚወዱ የአዲስ አበባ ሰዎች ስብስብ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀላቀል፣ አንዲት ካሜራ በኮቴ ኪስ ይዤ ነበር። ካኖን ናት። 6 ሜጋ ፒክስል፤ ሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ የምትበላ፤ የአጎቴ ልጅ ከዋሽንግተን ለዕረፍት መጥታ ስትመለስ «እኔ በስልኬ ነው የማነሳው» ብላ ትታልኝ የሄደች። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጣት አጠገቤ የነበረው ወጣት አየት አደረጋትና «አሁንም ትሠራለች?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ በርኅራኄ ነው። ክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

የስብስቡን ስም አልጠራም። የምጽፈው ስለ አንድ ልማድ እንጂ ስለ ሰዎቹ አይደለም፤ ሰዎቹማ ደጎች ናቸው፤ ቡና ይጋብዛሉ፣ ያላቸውን ያውሳሉ፣ የማያውቀውን ያሳያሉ። በወር አንድ ቅዳሜ እንሰበሰባለን። እያንዳንዱ ያሳተመውን አንድ ፎቶ ያመጣና ከግድግዳ ግድግዳ በተዘረጋ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላል። ከዚያ ሂስ ይደረጋል ይባላል። «ይባላል» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚያ ቅዳሜዎች የሰማሁት ሂስ አብዛኛው በሁለት ዐረፍተ ነገር ያልቃል፤ «አሪፍ ነው» እና «በምን አነሳኸው?»

የመጀመሪያው የቆየ በሽታችን ነው። በሥነ ጽሑፉም፣ በቴአትሩም፣ በሥዕሉም መንደር ስንወቃቀስበት ኖረናል፤ ፊት ለፊት ማመስገን፣ ዘወር ብሎ ማማት። እሱን ልለፈው። ሁለተኛው ግን ሙያ መስሎ ስለሚቀርብ የባሰ ነው። «በ50 ነው ወይስ በ85?» «ፉል ፍሬም ነው?» «ሌንሱን ስንት ገዛኸው?» አንድ ቅዳሜ ስለ አንድ ፎቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ተነጋገርን። ፎቶው መርካቶ ውስጥ በርበሬ የምትሰፍር ሴት ናት። ስለ ሌንሱ ተነሳ፤ ስለ ቀለም ማስተካከያው ፕሮግራም ተነሳ፤ ስለ ወረቀቱ ዓይነት ሳይቀር ተነሳ። ስለ ሴትዮዋ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። በርበሬውን በጣሳ ትስፈረው በኪሎ፣ ያንን እንኳ ያየ አልነበረም። በገና እየተደረደረለት ጅማቱ የየትኛው በግ አንጀት እንደሆነ የሚጠይቅ እንግዳ ሆንን።

በ2017 ዓ.ም አጋማሽ ስብስቡ ከእነዚህ ፎቶዎች 30 ያህሉን መርጦ በአንድ አዳራሽ ለአንድ ሳምንት አሳየ። ሂስ በወጉ ይጻፍ ከተባለ እነሆ። ስምንቱ ከኦሞ ሸለቆ የመጡ፣ ፊታቸውን በነጭ የተቀቡ ሰዎች ናቸው። ስድስቱ ላሊበላ ላይ በር ሥር የቆሙ ካህናት፤ ብርሃን ከላይ በገመድ የተለቀቀ ይመስል ወርዶባቸዋል። አራቱ የተጨማደደ የሽማግሌ እጅ። የቀረው ጥምቀት፣ ጃንጥላ፣ ጭስ የሞላው ጎጆ። ሁሉም ጥርት ያሉ ናቸው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ የሽፋሽፍት ጠጉር አንድ ሁለት ተብሎ ይቆጠራል። ነገር ግን ሠላሳውንም አይቼ ስወጣ በየትኛው ዓመተ ምሕረት እንደተነሱ የሚነግረኝ ምልክት አላገኘሁባቸውም። 1960ም ሊሆኑ ይችላሉ፣ 2017ም። ሰዎቹ ስም የላቸውም። መንደር የላቸውም፤ ከኋላቸው የነበረው ቤትና ሰው ሁሉ በሌንሱ ጉልበት ቀልጦ ደመና ሆኗል።

አንዱ ፎቶ ፊት ግን ቆሜ ቀረሁ። አንዲት የሙርሲ ልጃገረድ ናት፤ ፊቷ ብቻ፣ ከበር መቃን እስከ መቃን በሚያህል ወረቀት ላይ። ጠጋ ብዬ ብሌኗን ሳይ እዚያ ውስጥ ፎቶ አንሺው ራሱ ተንበርክኮ ይታያል። ከጎኑ ብርሃን የሚመልስ ነጭ ሰሌዳ የያዘ ረዳት አለ፤ ከኋላቸው መኪና ቆማለች። ልጅቷ የምታየውን አየሁ። በበኩሌ ከዚያ ሁሉ ኤግዚቢሽን እውነተኛው ፎቶ ያ ነበር እላለሁ፤ ስፋቱ ከባቄላ ፍሬ አይበልጥም እንጂ። በዚያ አካባቢ ፎቶ ለመነሳት ገንዘብ መጠየቅና መክፈል የተለመደ እንደሆነ እናውቃለን፤ እነሆ ከፋዩ በተከፋይዋ ዓይን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ያሳየን ደግሞ ያ የምንቀናበት ውድ ካሜራ ነው፤ በእኔዋ ካኖን ቢሆን ብሌኗ ጥቁር ነጥብ ሆና ትቀር ነበር። ለፎቶ አንሺው በደስታ ነገርኩት። ደነገጠ። «አላየሁትም ነበር፤ ግድ የለም፣ በኮምፒዩተር አጠፋዋለሁ» አለኝ።

ለምን እንዲህ እንደሆንን ብዙ አስቤበታለሁ። የሚታይ አጥተን አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሙያውን ለልጆቹ አውርሷል። ኋላም በየሠፈሩ የተከፈቱት ፎቶ ቤቶች፣ የተሳለ መጋረጃቸውንና ለደንበኛ የሚያውሱትን ኮትና ከረባት ይዘው፣ የአንድን ትውልድ ፊት አስቀምጠውልናል። ከቤተሰብ አልበም የተለቀሙ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል መጽሐፍ ታትመዋል፤ ያየ ሰው ፎቶዎቹ በምን እንደተነሱ ለመጠየቅ ትዝ የሚለው አይመስለኝም። አይዳ ሙሉነህ የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለምን ሥራ እዚሁ ደጃችን ድረስ አምጥቷል። የዘይት ቀለም ሰውነቱ አልቀበል ብሎት ከሥዕል ወደ ካሜራ የዞረው ሚካኤል ፀጋዬም የሚለዋወጡትን የአዲስ አበባ ሠፈሮች በጥቁርና ነጭ አንስቷል። ከእነዚህ ሁሉ መማር እየቻልን ካታሎግ እንማራለን።

እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ስለ እኔም መጻፍ አለብኝ።

ካሜራዬን ሲያዩ የሚያዝኑልኝ ሰዎች ስለበዙ አንድ ጋሻ አበጀሁ። ጋሻዬ አሌክስ ማዮሊ ነበር፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የኮንጎንና የኢራቅን ጦርነት 5 ሜጋ ፒክስል ባላት የኦሊምፐስ ትንሽ ካሜራ ያነሳው፣ የማግነም አባል የሆነው ጣሊያናዊ። «እንግዲህ ካሜራ ሰው አያደርግም» እያልኩ በየቅዳሜው እጠቅሰው ጀመር። የማልናገረው ሌላው ግማሽ ነው፤ ማዮሊ ያችን ካሜራ ሲይዝ ብዙ ዓመት የሠራ ባለሙያ ነበር፤ የምትችለውንና የማትችለውን ለይቶ ያውቅ ነበር። እኔ የማውቀው የምትችለውን ብቻ ነው። በፀሐይ ጥሩ ናት፤ በኤ-4 ወረቀት ሙሉ ብትታተም አታሳፍርም። ኪስ ስለምትገባ ሰው አያፍራትም፤ ሕፃናት እንኳ ከመጤፍ አይቆጥሯትም። የማትችለውን ግን ለመማር አልፈለግሁም። ብርሃን የሚቀበለው ሰሌዳዋ ከትንሿ ጣት ጥፍር ያንሳል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእኔዋን በስፋት ከ30 ጊዜ በላይ ያጥፋታል። ሲመሽ በር ተዘግቶ በቀዳዳ እንደማየት ነው። ቁልፏን ተጭነህ እስክታነሳ ድረስ ያለው ቅጽበት ደግሞ ረጅም ነው፤ ሰው በዚያ መሐል ዞር ይላል።

ካዛንቺስ ነው ያደግሁት። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ ሠፈሩ መፍረስ ሲጀምር እናቴ ቤት አጠገብ የሚኖሩ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» የምላቸው ጎረቤታችን ዕቃቸውን ሊያስሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ማታ ሄድኩ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ከሥር እስከ ላይ በጋዜጣ የተለጠፈ ነው፤ በጋዜጣው ላይ ጋዜጣ፣ በዚያም ላይ ጋዜጣ፤ ማንበብ የለመድኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አምፖሉ አንድ ነው። እትዬ ረከቦታቸውን አቅርበው ቡና ይቀዳሉ። የካሜራዋን መብራት ካበራሁ ሁሉም ነገር ነጭ ሆኖ ይሞታል ብዬ አጠፋሁት፤ እስትንፋሴን ዋጥ አድርጌ አነሳሁ። አራት ጊዜ።

ሳሳትመው ግድግዳው ወጥቷል። የጋዜጣው ርእሶች ይነበባሉ። ስኒዎቹም አሉ። እትዬ ግን በተነቃነቁበት ቅጽበት ስለተያዙ ፊታቸው ከአምፖሉ ወደ ግድግዳው የተጎተተ የብርሃን ጭረት ሆኗል።

ያን ፎቶ በወሩ ቅዳሜ ሰቀልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ፊት ሰው ተሰበሰበ። «ይሄ ይለያል» አለ አንዱ። ሌላዋ ጠፊነትን የሚያሳይ ነው አለች፤ ሰው ከገዛ ቤቱ ሲጠፋ፤ ግድግዳ ቀርቶ ፊት ሲሄድ። አንጀት የሚበላ ንግግር አደረገች። ከዚያ ያ ካሜራዬን ያዘነላት ወጣት «ሆን ብለህ ነው ያደበዘዝከው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«አዎ» አልኩ።

እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ። በማግሥቱ አንድ ግልባጭ ይዤ የእትዬን አዲስ መኖሪያ ፈልጌ ሄድኩ፤ ከከተማው ዳር፣ ሁለት ታክሲ ተይዞ። ፎቶውን ተቀበሉኝ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። ግድግዳውን ወዲያው አወቁት። በጣታቸው ርእሶቹን እየተከተሉ ሳቁ፤ ይቺን የለጠፍኳት እገሌ ሲወለድ ነው፣ ይቺ ደግሞ ውሃ የገባ ጊዜ ነው አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ፈለጉ። «እኔስ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ፊቴን የት አደረስከው ልጄ?»

ስለ ጠፊነት የተባለውን ልነግራቸው አልቻልኩም።

ከስብስባችን ውስጥ ጡረታ የወጡ አንድ የፎቶ ቤት ባለሙያ አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ካሜራ ይዘው አይመጡም፤ ብዙም አይናገሩም፤ አንዳንዶቻችን ዘመን ያለፈባቸው አድርገን እናያቸው ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እውነቱን ለእሳቸው ብቻ ነገርኳቸው። ፎቶውን አንስተው ለረጅም ጊዜ አዩት። «በሩ በየት በኩል ነው?» አሉኝ። በስተግራ ነው አልኳቸው። «ቀን ቀን ፀሐይ ይገባበታል?» ከረፋዱ ጀምሮ ይገባበታል አልኩ። «ታዲያ ለምን በማታ ሄድክ? ረከቦቱን ወደ በሩ ሳብ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ውጪ አዙረው ቢቀመጡ፣ ይቺም ካሜራህ ፊታቸውንም ግድግዳቸውንም ታወጣው ነበር። እኛ ፊልም በቁጥር ነበር የምንተኩሰው። ደንበኛ ለጉርድ ፎቶ ሲመጣ ፊቱ ባይወጣ ገንዘቡን እንመልሳለን፤ ስሜት አለው ብለን አንሸጥለትም።»

በስብስቡ ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ሂስ ይህ ነው። ልብ በሉ፣ ጋሼም የጠየቁት ስለ መሣሪያ ነው፤ የእኔዋ ካሜራ ምን ያህል ብርሃን እንደምትፈልግ አስበው ነው በሩን የጠየቁኝ። ስለዚህ «በምን አነሳኸው?» የሚለውን ጥያቄ ከስብስባችን እናባርረው አልልም። እሱ ሲጠየቅ ግን በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው አብሮ ይጠየቅ፤ ማን ነው? የት ነው የተቀመጠው? አንተስ የት ቆመህ ነበር? ውድ ካሜራ የያዘው ጓደኛችን በልጅቷ ብሌን ውስጥ ራሱን ያላየው፣ እኔም በርካሿ የእትዬን ፊት ያጣሁት፣ ይህን ሳንጠይቅ ነው። ድብዝዙን ፎቶ ያመሰገኑኝ ሰዎች ደግሞ ጥፋተኞች አይደሉም፤ እኔ ዋሽቻቸዋለሁ፤ እነሱም ሊይዙኝ የሚችሉበትን ጥያቄ አልጠየቁኝም። በዚህ ወር ቅዳሜ እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ ከንግግር ይልቅ መጻፍ ስለሚቀለኝ እዚህ ነገርኳቸው።

ግድግዳው ከእንግዲህ የለም። ባለፈው እሑድ ረፋዱ ላይ፣ ስድስት የባትሪ ድንጋይ በኪሴ ይዤ፣ እትዬ ዘንድ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አዲሱ ክፍላቸው በኖራ ነጭ ነው፤ ያችን ፎቶ ግን መስኮቱ አጠገብ በምስማር ሰቅለዋታል። ወንበራቸውን ወደ በሩ ሳብኩላቸው። ፀሐዩ ጉልበታቸው ድረስ ገብቷል። ካሜራዋን ሳወጣ እጃቸውን አነሱና «ቆይ፣ በዚህ ነጠላ አይሆንም፤ ልቀይር» አሉኝ። ጠበቅሁ።