ቃል ያልገባው ንጉሥ፦ የቱንዴ ኬላኒ ፊልሞች

የናይጄሪያ ፊልም ሲነሣ ብዙዎቻችሁ ፓስተርና ጠንቋይ የሚጋጠሙበት ታሪክ ትዝ ይላችሁ ይሆናል። ይጸለያል፣ ርኩስ መንፈሱ ይጮኻል፣ ፊልሙም ያበቃል። ቱንዴ ኬላኒ ግን ክፋትን በሹም ፊርማና በጉቦ ገንዘብ ውስጥ ያሳየናል።

ኬላኒ እ.ኤ.አ. በ1948 ሌጎስ ተወልዶ አቤኦኩታ ከተማ በአያቶቹ ቤት፣ በዮሩባ ተረትና ምሳሌ መካከል አደገ። የፊልም ትምህርቱን የተከታተለው ለንደን ነው። ለዜና ድርጅት ሲሠራም ስለ ድርቅ ለመዘገብ ወደ አገራችን መጥቷል። በ1993 የወጣው ፊልሙ «ቲ ኦሉዋ ኒ ኢሌ» ይባላል፤ «ምድር የጌታ ናት» ማለት ነው። መዝሙር 24ን ለሚያውቅ ርእሱ እንግዳ አይደለም። ታሪኩ የአባቶችን መሬት ስለሸጡ ሰዎች ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ የሚጠቀሰው ግን በ1999 የወጣው «ሳዎሮይዴ» ነው። ናይጄሪያ ከወታደራዊ አገዛዝ የተላቀቀችው በዚያው ዓመት ነበር። ጆግቦ በምትባል ከተማ የሚነግሥ ሁሉ በጥንቱ ሥርዓት ከሕዝቡ ጋር ቃል ይተሳሰራል። ያለ ቃል ኪዳን ዘውድ የደፋ ሰው፣ የናስ ቃጭል ያለው ከበሮ ሲመታ ይሞታል። ንጉሥ ላፒቴ ቃሉን እንቢ ብሎ ነገሠ። ደኑን ለእንጨት ነጋዴዎች አሳልፎ ሰጠ፤ ገበሬው ተራቆተ። በመጨረሻ ላጋታ የተባለ ወታደር ገልብጦት ዘውዱን ሲደፋ ከበሮው ተመታና ሞተ።

ይህን ስታዩ «ከበሮው የባዕድ አምልኮ ነው» ብላችሁ ፊልሙን ለመዝጋት አትቸኩሉ። በከበሮው ኃይል አናምንም፤ ጥያቄው ግን የእኛም ነው፦ መሪን በቃሉ የሚይዘው ማን ነው? የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ፍርዱን ከበሮው ሲፈጽመው ተመልካቹ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለላፒቴ ያጎበደዱት ሹማምንት ግን አሁንም በቦታቸው አሉ።

ኬላኒም ይህን ያየ ይመስላል። በ2002 በወጣው ተከታዩ ፊልም «አጎጎ ኤዎ» ደግ ንጉሥ ይነግሣል፤ ጉቦ የለመዱት ሹማምንት ግን ዙሪያውን ከበውታል። አንድ ሰው ስለተለወጠ ብቻ ቤተ መንግሥቱ አይጸዳም። በ2014 የወጣው «ዳዝሊንግ ሚራዥ» ደግሞ ሲክል ሴል በሚባል የደም በሽታ የምትሠቃይን ወጣት ታሪክ ይዞ መገለልን ያሳየናል። እዚያ ክፉውን የሚቀጣ ከበሮ የለም። መለወጥ ያለበት በሽተኛዋን የሚሸሻት ሰው ራሱ ነው። ለእኔ የኬላኒ ድፍረት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ነው።

«ሳዎሮይዴ»ን በኅብረታችሁ አብራችሁ እዩትና ተወያዩበት። ከዚያም ስለ ራሳችሁ ተጠያየቁ፦ የኅብረታችን ገንዘብ ያዥ ደረሰኙን የሚያሳየው ለማን ነው? መሪያችን ሲሳሳት ፊት ለፊት የሚነግረው ማን ነው? መልስ ካጣችሁ፣ ጆግቦ ሩቅ አይደለችም።